የአጎቴ ልጅ

«ባሌ አለች! ወላሂ በአፏ ‹ባሌ› አለች!»

«በማን ፊት?»

«በሐኪሙ ፊት ነዋ! በወንድ ሐኪም ፊት። ‹ባሌ ነው ያመጣኝ› አለች፣ አፏን ሞልታ።»

ከዚያ ሳቅ ሆነ። ሴቶቹ ለፍራሽ የሚሆን የበግ ጠጉር እየበጠሱ ነበር፤ ሲስቁ ጠጉሩ ከጭናቸው እየተነሣ ይበናል። ሪሐብ ያኔ ሕፃን ናት። ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ የተኛች መስላ ትሰማለች። ስለ ማን እንደሚያወሩ አላወቀችም፤ ዛሬም አታውቅም። አንዷ፣ ምናልባት እናቷ፣ «ተዉአት እባካችሁ፣ የከተማ ልጅ ናት፣ ማን ያስተምራት» ስትል ትዝ ይላታል። ሌላዋ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር አለች። ያን አልሰማችውም። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ፤ ጠጉሩ ሲበጠስ ብቻ ይሰማ ነበር።

ያ ወሬ ከስንት ዘመን በኋላ ተመልሶ የመጣባት በኡም ጋሊብ ለቅሶ የመጀመሪያ ቀን፣ ከሴቶቹ ክፍል በር አጠገብ የናስ ጀበና ይዛ ቆማ ሳለች ነው። ኡም ጋሊብ አማቷ ናቸው። ትናንት ቀትር ላይ ሞቱ፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት ተቀበሩ። ዛሬ ቤቱ በጥቁር ልብስ ሞልቷል። ወንዶቹ መንገዱ ላይ በተተከለው ድንኳን ተቀምጠዋል፤ ድንኳኑን ከሸለቆው የሚወጣው ነፋስ ያርገበግበዋል። የቁርኣኑ ድምፅ ነፋሱ እንደፈቀደለት አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል።

«አንቺ ሪሐብ፣» አለቻት ሺኻ። ሺኻ የሟቿ ባል የአቡ ጋሊብ እኅት ናት፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አልተፈጠረባትም፤ ለቅሶ ቤትም መስጊድ ደጃፍም ያው ናት። «የአጎትሽ ልጅስ? ይመጣል ወይስ በስልክ ብቻ ነው የሚያለቅሰው?»

«መምጣት አይችልም፣ አክስቴ። የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳድስ ፓስፖርቱን አስገብቷል። አሁን ከወጣ መመለሻ የለውም።»

«እናትስ ስንት ጊዜ ትሞታለች?» አለች ሺኻ።

ሪሐብ ቀዳችላት። ሺኻ «የአጎትሽ ልጅ» ያለችው ጋሊብን፣ የሪሐብን ባል ነው። ሪሐብና ጋሊብ በሥጋ አይዛመዱም፤ እሷ ከሌላ መንደር የመጣች ናት። ግን ያገባች ሴት የባሏን አባት «አጎቴ»፣ እናቱን «የአጎቴ ሚስት» ትላለች፤ ልጃቸው ታዲያ ምን ሊሆን ነው? የአጎቴ ልጅ። «ባሌ» የሚለውን ቃል ማንም ያውቀዋል። ሁሉም ቤት አለ፣ ግን እንደ ውስጥ ልብስ ነው፤ ባዕድ ወንድ በሚያልፍበት አይሰጣም።

ከግድግዳው በኩል ጎረቤታቸው ፊዳ አጠገቧ ወዳለችው ሴት አጎንብሳለች።

«አላህ ይማራት። ግን የልጇን ትዳር ያበላሸችው ራሷ ናት።»

«እንዴት?»

«አልሰማሽም እንዴ? ልጅቷ እኮ ባሏ ዘንድ ደርሳ ነበር። ገና እግሯ መሬት ሳይነካ ‹ልሞትብሽ ነው፣ ነይልኝ› ብላ አስመለሰቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ አለቀቀቻትም።»

«ታማ አይደል?»

«ታማ? ግንባሯን በሻሽ ትጠፍርና ትተኛለች፣ ያ ነው ሕመሙ። እንግዳ ሲገባ ታቃስታለች፣ እንግዳ ሲወጣ ሽንኩርት ትከትፋለች።» ፊዳ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች፤ ሳቅዋን ይሁን ኀዘንዋን አይታወቅም። «በመጨረሻ ግን እውነት ሆነባት። አላህ ይማራት።»

ሪሐብ ጀበናውን ይዛ መጣች። ፊዳ በቃኝ ለማለት ፍንጃሏን ነቀነቀች፤ ሪሐብም ፍንጃሉን ተቀብላ ወደ ቀጣይዋ ሴት አለፈች።

*

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጋሊብ ወደሚሠራበት አገር የሄደችው በእንግድነት ቪዛ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ባሏን ልትጠይቅ» ተብሎ ተጽፏል። የሞላው ጋሊብ ነው፤ ወረቀት ደግሞ አያፍርም።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያቆመቻት ሴት ፊቷ ክፉ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስቀመጠችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከስልኩ ውስጥ የወንድ አስተርጓሚ ድምፅ ወጣ፤ ዓረብኛው የሌላ አገር ነው፣ ግን ዓረብኛ ነው።

«ሰላም ዓለይኩም፣ እኅቴ» አለ።

ያኔ ሪሐብ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያች ሴት ጋር ብቻዋን ብትሆን ኖሮ፣ በእጅ ምልክትም ቢሆን፣ ቀለበቷን ታሳያት ነበር። ግን «እኅቴ» አላት። የአገር ቤት ወንድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ያህል ተሰማት።

«ማን ይቀበልሻል ትልሻለች።»

«የአጎቴ ልጅ።»

ሰውየው በእነሱ ቋንቋ አንዲት አጭር ቃል ተናገረ። ሴትዮዋ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ሪሐብን አየች።

«የአጎትሽ ልጅ ነው ወይ ትልሻለች።»

«አዎ፣ የአጎቴ ልጅ ነው።»

«ወረቀቱ ግን ባሏ ነው ይላል ትላለች።»

ሪሐብ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እሱው ነው» አለች።

«የትኛው? የአጎትሽ ልጅ ወይስ ያ… ሌላው?»

ሰውየውም ቃሉን ሁለተኛ ሊደግመው አልደፈረም። በኋላ ነገሩ ሲገባት ይህ ነው ያሳቃት፤ ብቻዋን ስቃበታለች።

«እሱው ነው አልኩህ፣ ወንድሜ!»

ወደ ጋሊብ ደወሉ። ጋሊብ ከግድግዳው ማዶ መንገደኛ በሚወጣበት በር ቆሞ ይጠብቃል። ትዛመዳላችሁ ወይ ብለው ጠየቁት። በዚያ አገር የአጎት ልጅ ማግባት በበጎ እንደማይታይ የሥራ ባልደረቦቹ ነግረውት ኖሮ፣ «በፍጹም! ከሌላ መንደር ናት፣ የሥጋ ዝምድና የለንም!» አለ፣ በኩራት። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ከዚያ ሻንጣዋን ከፈቱት። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ደረቅ እርጎ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ድስት። ለአጭር ጉብኝት ድስት? ሴትዮዋ ያዘነች መስላ ‹ዋሽታለች፣ ትመለስ› የሚለውን ወረቀት ፈረመች።

ሪሐብ በመጣችበት አውሮፕላን ተመለሰች። ጋሊብን አላየችውም። በአንድ ግድግዳ ነው የተላለፉት።

ኡም ጋሊብ በር ላይ ተቀበሏት። ሻንጣውን አዩ፣ ፊቷን አዩ፤ ምንም አልጠየቁም። ወጥ ቤት ወስደው አስቀመጧትና ሽንኩርት መላጣቸውን ቀጠሉ። እስክትነግራቸው ጠበቁ።

«ምን አልሽው?» አሉ ስትጨርስ።

«የአጎቴ ልጅ አልኩት።»

ቢላዋው ቆመ። ይህን ቃል አፏ ውስጥ ያኖሩት እሳቸው ነበሩ። ሙሽራ ሆና በመጣች ሰሞን በእንግዶች ፊት «ጋሊብ ሻይ ይፈልጋል» ብላ ነበር፣ ስሙን እንዲሁ በባዶው። ኡም ጋሊብ ወጥ ቤት ጠርተው ክንዷን ቆንጠጥ አደረጉና «የአጎቴ ልጅ በይ፣ ልጄ። ስሙን የሚጠሩት የሰፈር ጎረምሶች ናቸው» አሏት።

«ምላስሽን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ አሁን፣ ሽንኩርቱን እያዩ።

በሩ ተንኳኳ። ፊዳ ነበረች፤ ሻንጣው ከመኪና ሲወርድ አይታ ወሬው ሳይቀዘቅዝ የመጣች። ኡም ጋሊብ ቢላዋውን ጣሉ፣ ሻሻቸውን ፈትተው ግንባራቸውን ጥፍር አደረጉ፣ ሄደው ፍራሹ ላይ ወደቁ።

«አህ… ነይ ግቢ፣ ፊዳ… አበቃልኝ… ልጅቷን አስጠራኋት… ያለሷ ማን አለኝ…»

ሪሐብ አፏን ከፍታ ቀረች። ፊዳ አዝናም ተገርማም ከወጣች በኋላ ኡም ጋሊብ ተነሥተው ተቀመጡ፤ ሻሹ አንድ ዓይናቸውን ሸፍኖታል።

«ሰው እኔን ይማ። እኔ አርጅቻለሁ፣ ሐሜት የሚያርፍበት ሰፊ ጀርባ አለኝ። አንቺን ግን ‹ባሏ ደጅ ደርሳ መለሳት› ሲሉሽ አልሰማም።»

«አጎቴንስ ምን እንበላቸው?»

«ለእሱም ያው ነው። እሱ ውሸት አይችልም፤ ፊቱ ይናገርበታል። የሚስትነቱ ቪዛ የወጣ ቀን ድኛለሁ እላለሁ፣ ‹ትሂድ› እላለሁ። ያኔ ሁሉም ደግ ሆነች ይላሉ።» ሽንኩርታቸውን አነሡ። «እስከዚያ ክፉ ልሁን። አያስቸግርም።»

አስቸገረ። አቡ ጋሊብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን በእንግዳ ክፍል ለብቻቸው መብላት ጀመሩ። «ልጅቷን ልቀቂያት፣ የሰው ቤት አታፍርሺ» ይሏቸው ነበር። ኡም ጋሊብ ግንባራቸውን አስረው ያቃስታሉ። አቡ ጋሊብ ካባቸውን አንሥተው ይወጣሉ።

*

በሁለተኛው ቀን ጎረቤቶች ምሳ አመጡ፤ ሩዙ ላይ የበግ ሥጋ የተከመረበት ትልቅ ትሪ። ሺኻ እጇን እየታጠበች ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ወንድሜ ለማን ይቀራል ብዬ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ አለች። ታበስልለታለች፣ ታጥብለታለች። አላህ አንዱን ሲወስድ አንዱን ይተዋል።»

ሴቶቹ «አሚን» አሉ። ሪሐብ አሚን ሲባልባት ሰማች። አንድ ሰው በደግነት፣ ሳይጠይቃት፣ ቦታዋን ያነጠፈላት ያህል ሆነባት፤ የሟችን ቦታ። ትሪውን አነሣችና ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ስልኩ እዚያ ጮኸ።

«ተኝተሻል?» አለ ጋሊብ። እኩለ ቀን ነበር። ሲያለቅስ የማይረባ ነገር ይጠይቃል።

«አልተኛሁም። ጠበቃዋ ምን አለች?»

«ያው ነው። ያ ውሸት ተብሎ የተመዘገበው ነገር ሳይጠራ የትዳር ቪዛው ቢገባ ይመልሱታል አለች። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ከቤቱ ትልቅ ሰው፣ በጆሮው ሲሰማው የኖረ ሰው፣ በውል አዋዋይ ፊት ምሎ ያስረዳ። ቀጠሮው የሥራ ሳምንት ሲጀመር፣ እሑድ፣ ከረክ ከተማ ነው፤ እሑድ ካለፈ ፋይሉ ይዘጋል። ሁለተኛ ከከለከሉን ደግሞ…» አልጨረሰውም። «እናቴ እኮ ነበረች የምትሄደው።»

ልክ ነው፤ ኡም ጋሊብ ነበሩ የሚሄዱት። ለዓይን ሐኪም ነው የምሄደው ሊሉ ተዘጋጅተው፣ የሚሉትንም ወጥ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ ሰንብተው ነበር፤ «እኔ ወድሓ፣ አርባ ዓመት የአጎቴ ልጅ ስለው ኖሬያለሁ፣ አምስት ልጅም ወልጄለታለሁ፣ አራቱን ቀብሬያለሁ፣ የሥጋ ዘመዴ አይደለም» እያሉ።

«አባትህ አሉ» አለች ሪሐብ።

«አባቴ? አባቴ እናቴን በስሟ ሲጠራት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ‹የቤቱ ሰዎች፣ ቡና አፍሉ› ነው የሚለው እኮ። ሐኪም ቤት ስሟን ሲጠይቁት እንኳ መታወቂያዋን ነው ያቀበላቸው።»

«ሌላ ማን አለ?»

«ማንም የለም።» አፍንጫውን ጠረገና «ንገሪው» አለ። «ሁሉንም ንገሪው። ተቀይሟት እያለ ነው እኮ የሞተችው። ሕመሙ ጨዋታ እንደነበር ሲያውቅ ቅሬታው ይወጣለታል።»

ጋሊብ የመጨረሻውን ቀን አያውቅም። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

ያን ቀን ኡም ጋሊብ ዱቄት እየነፉ ነበር። አቡ ጋሊብ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ሊወጡ ካባቸውን ሲደርቡ፣ ወንፊቱን አስቀመጡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«የአጎቴ ልጅ… ደረቴን ያዘኝ።»

«ደረትሽን? ባለፈው ጉልበትሽ አልነበር?»

«ወላሂ ዛሬ…»

«ልጅቷ ትሂድ የተባለ ቀን ነው የሚነሣብሽ» አሉ አቡ ጋሊብ፤ ክፉ ድምፅ አልነበረም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ኡም ጋሊብ የተዘጋውን በር አዩ፣ ወደ ሪሐብ ዞረው ፈገግ አሉ። «አየሽ፣» አሉ፣ «ጎበዝ ተዋናይ ሆኛለሁ።» ከዚያ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጡ። አምቡላንሱ ሲደርስ እዚያው ነበሩ፣ ራሳቸው ሪሐብ ትከሻ ላይ፣ ዱቄቱ ሁለቱንም አልብሷቸው።

ይህን ለማን ይነግሩታል? ከነገረቻቸው ሽማግሌው ቀሪ ዕድሜያቸውን ያን በር ሲዘጉ ይኖራሉ። ካልነገረቻቸው እሑድ ያልፋል። ሪሐብ ዙህርን ሰገደች፤ ሱጁድ ላይ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ቆየች። የምትለምነው ቃል አላገኘችም። ቃል ሳታገኝ ተነሣች።

*

ሦስተኛው ቀን፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ድንኳኑ ይፈርስ ጀመር። የሚያፈርሱት ሰዎች ዘንጎቹን መንገዱ ላይ ሲጥሉ ይጮኻል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ፊዳ ሪሐብን ሳመቻትና «በርቺ፣ ሶብር አድርጊ» አለቻት፤ ከልቧ ነበር።

አቡ ጋሊብ በእንግዳ ክፍሉ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ፍም፣ ፍሙ ላይ ጀበና። ሪሐብ ደፉ ላይ ቆመች። ይህ የወንዶች ክፍል ነው፤ ለመጥረግ ካልሆነ አትገባበትም።

«ምን ጎደለ?» አሉ።

«ምንም አልጎደለም፣ አጎቴ።»

«ግቢ ታዲያ፣ ብርድ ነው።»

ገብታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ለገባው ሁሉ ሲቀዱ ስለነበር እጃቸው በልማድ ሄደ፤ ቀድተው ሰጧት። ሪሐብ ፍንጃሉን በቀኝ እጇ ተቀበለች፤ አልቀመሰችውም። ከፊቷ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው፣ እጇንም ጉልበቷ ላይ አደረገች።

አቡ ጋሊብ ፍንጃሉን አዩት። ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ወንዶች የሚያደርጉት ነው። ልጃገረድ ሊጠይቁ፣ ደም ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች ቡናቸውን ሳይቀምሱ ያስቀምጣሉ፤ ባለቤቱ እሺ እስኪል አይነኩትም፤ እሺ ሲል «ቡናችሁን ጠጡ» ይላቸዋል።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«በመስኮት ሲያደርጉ አይቻለሁ።»

«የወንድ ነገር ነው።»

«አውቃለሁ፣ አጎቴ። አባቴ ሞቷል፣ ወንድም የለኝም፣ የአጎቴ ልጅ ሩቅ ነው። ማንን ልላክ?»

ፍሙን ቆሰቆሱ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጥቶ ሄደ። «ተናገሪ» አሉ።

አውሮፕላን ማረፊያውን ነገረቻቸው፤ ስልኩን፣ ድምፁን፣ «ማን ይቀበልሻል» የተባለችውን። እዚያ ላይ አስቆሟት።

«የአጎቴ ልጅ አልሽ። ታዲያ ምን ልትዪ ኖሯል?»

«በእነሱ ዘንድ የሥጋ ዝምድና ነው፣ አጎቴ። ዋሸሽ አሉኝ።»

«አስተርጓሚው ዓረብ አይደለም?»

«ነው።»

«እናት የለችውም?» አሉ አቡ ጋሊብ ተቆጥተው። «እናቱ አባቱን ምን ነበር የምትለው?» ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ቆይ። ቆይ እስቲ። አንቺን የመለሱሽ እነሱ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

«እሷ አይደለችም?»

«እሳቸው አይደሉም፣ አጎቴ። አላስጠሩኝም። ሰው እንዳያማኝ ብለው በራሳቸው ላይ ወሰዱት።»

ውጭ አንድ ዘንግ ወደቀ፤ አንድ ሰው «ቀስ በል፣ እግሬን!» ብሎ ጮኸ። አቡ ጋሊብ የሰሙ አይመስሉም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። ያን ሁሉ ምሳ፣ ያን ሁሉ ካባ አንሥቶ መውጣት፣ አንድ በአንድ የሚያነሡ የሚያስቀምጡ ይመስላሉ።

«ለኔስ?» አሉ በመጨረሻ። «ለኔ ምን ነበረበት ብትነግረኝ?»

«‹እሱ ውሸት አይችልም› አሉ።»

«እውነቷን ነው» አሉ። ቆዩ። «ሕመሙ ሁሉ እንግዲህ…»

«ለሰው ነበር።»

«የመጨረሻውስ?»

ይህን ጥያቄ ሪሐብ ሦስት ቀን ስትሸሸው ነበር። ትንሽ ውሸት ይበቃ ነበር፤ ኡም ጋሊብ ቢሆኑ ዓይናቸውን ሳያሹ ይዋሹት ነበር። አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች። ግን በመሐላ ፊት እውነት እንዲናገሩ ልትለምናቸው የመጣችውን ሽማግሌ በምን አፏ?

«የመጨረሻው እውነት ነበር፣ አጎቴ።»

አቡ ጋሊብ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያወቁትን ነገር ያረጋገጡ ያህል።

«ግን አልተቀየሙም» አለች ቶሎ። «በሩ ሲዘጋ ወደኔ ዞረው ሳቁ። ወላሂ ሳቁ። ‹ጎበዝ ተዋናይ ሆኛለሁ› አሉ።»

የራስ መሸፈኛቸውን ጫፍ አነሡና ፊታቸውን ሸፈኑበት። ሪሐብ ወደ ፍሙ አየች። አማቷን ሲያለቅሱ ማየት ተገቢ አልነበረም፤ ትቶ መውጣትም ተገቢ አልነበረም። ስለዚህ ፍሙ አመድ ሲለብስ እያየች ተቀመጠች። ድንኳኑን የጫነው መኪና ሞተሩን አስነሣና ሄደ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሌላ ቀን እንደሚሆነው ሆነ።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አሉ ፊታቸውን ሳይገልጡ።

«እሑድ ከረክ ሄደው በውል አዋዋዩ ፊት እንዲምሉልኝ። ያ ቃል እዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ። ሊሄዱ የነበሩት እሳቸው ነበሩ።»

«የቤቴን ሴት ወሬ? በባዕድ ሰው ፊት?»

«አዎ፣ አጎቴ።»

«ስሟን ይጠይቁኛል?»

«ይጠይቃሉ። ይጽፉታል።»

«አርባ ዓመት በሰው ፊት ያልጠራሁትን ስም…» አሉና ተዉት። ፊታቸውን ገለጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን ረግቷል። «ሺኻ ልጅቷ ትቆይ ብላለች። ታበስልልኛለች ብላለች።»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ሺኻ ትበቃኛለች። ምላሷ ብቻውን ቤት ይሞላል።»

«አጎቴ፣ ብቻዎን…»

«ወድሓ ብዬ ነው የምጀምረው?»

ሪሐብ ያን ስም ከእሳቸው አፍ ሰምታው አታውቅም። እንደ ሌላ ሰው ስም ሆነባት፤ የአንዲት ወጣት ሴት ስም። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እሑድ በጧት እንሄዳለን» አሉ አቡ ጋሊብ። «ቡናሽን ጠጪ።»

እጇን ሰደደች። ፍንጃሉን ሳታነሣው ቀደሟት፤ የቀዘቀዘውን አመዱ ላይ ደፉትና ጀበናውን አነሡ።

እዚህ አገር ፍንጃል አይሞላም። እንግዳ እንዲቆይ ከታች ጥቂት ይቀዳለታል፣ ደግሞ ጥቂት፣ ደግሞ ጥቂት። ሞልቶ መስጠት «ጠጣና ሂድ» ማለት ነው፤ በዚህ ዘመድ ከዘመድ ተጣልቷል። አቡ ጋሊብ ቀዱ፣ እጃቸው አልቆመም፣ ቡናው ወገቡን አለፈ፣ ወደ ከንፈሩ ወጣ።

«አጎቴ፣ ሞላ» አለች ሪሐብ።

«አውቃለሁ» አሉ።

በሁለት እጇ ተቀበለችው። ትኩስ ነበር። አንዲት ጠብታ ሳታፈስ እስከ አተላው ጠጣችው።